ከማስታወቂያው ወዲያ

ቢቸና፤ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስርጉት፤ ሞጣ።

ጤናን ለሰው ሁሉ የሚያድል አምላክ አንቺንም እናትሽን አምሳለችንም ይጠብቅልኝ። እኔ ቸርነቱ አልተለየኝም፤ አለሁ። ጉልበቴና ዓይኔ ከእኔ ቀድመው ሊሄዱ ቢያስቡም እስካሁን አብረን ነን።

የምጽፍልሽ በስልክ ጉዳይ ነው። በስልክ ጉዳይ ደብዳቤ ይጻፋል ወይ ብለሽ እንዳትስቂብኝ። የልጄን የሀብተ ሥላሴን ሞት የነገረኝ ስልክ ነው። በአገራችን መርዶ ገና ሳይነጋ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደጅ አንኳኩቶ፣ ሰውየውን አስቀምጦ ነው የሚነገረው። እኔን ግን ባለፈው ጥር ገበያ ዳር፣ ጃንጥላዬን እንደያዝኩ፣ ስሙን የማላውቀው የአዳማ ሰው «ልጅዎ አርፏል፤ መንገድ ስለተዘጋ እዚሁ ቀበርነው» አለኝ። አጠገቤ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ እሷ ናት ያስቀመጠችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ ጆሮዬ ላይ አላስጠጋም። ዓይኔ ግን አልማለም።

በኋላ ልብሱን ሲልኩልኝ ስልኩንም አብረው ላኩት። አንድ ቪዲዮ አለው፤ ራሱን ቀድቶ ለሕዝብ የለቀቀው ነው። ከደቀ መዛሙርቴ ትልቁ፣ አካለ ወልድ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ የመምህርነት ወንበር ይዞ ከመሄዱ በፊት እንዴት እንደሚከፈት አሳይቶኛል። በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከግቢዬ የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጬ እከፍተዋለሁ። ከቤት ውስጥ ኔትወርክ አይገባም፤ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ እኔው ነኝ ያሠራሁት።

በቪዲዮው ራሱ የቆጠረውን ቅኔ ያዜማል። መልካም ቅኔ ነው። በሕይወት ሳለ አላልኩትም፤ አሁን ልበል። አንድ እንከን ብቻ አለበት፤ በቅኔው ሦስተኛ ቤት ላይ ድምፁን ማንሣት ሲገባው ይጥለዋል። ሰባት ዓመት ከእግሬ ሥር የተማረ ልጅ። ሁልጊዜ እዚያ ሲደርስ «ኧረ አንሣው» እላለሁ፤ እሱ ግን አያነሣውም።

ቅኔው ሲያልቅ ታዲያ፣ ድምፁ ገና ከጆሮዬ ሳይወጣ፣ ቁማር ይመጣል። ጭኗን የገለጠች ልጅ ኳስ ታቅፋ ትዘላለች፤ ተወራረዱ፣ አሸንፉ ትላለች። በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ የተጣጣሉትን ጭፍሮች ያስታውሰኛል። ፊቴን አዙሬ ቁልፉን እጫናለሁ፤ ይጠፋል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው።

ሞጣ ላይ የስልክ ሐኪም ሆነሻል ይሉኛል። ይህን ቁማር ከልጄ ላይ አንሺልኝ። አያትሽና አባቴ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሦስት ዓመትም ከቤቴ ሆነሽ ተምረሻል፤ የሩቅ ዘመድ ነው ብለሽ ቸል አትበይኝ። ደብዳቤውን በሚኒባስ ሹፌሩ በባየ እጅ ልኬዋለሁ።

ሣህለ ማርያም

*

ሞጣ፤ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ ሣህለ ማርያም፤ ቢቸና።

የኔታ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ተሻለው? ትናንት የገባው ጾም እንዳይጎዳዎ እግዚአብሔር ያበርታልኝ። እማዬ ጉልበትዎን ስማለች። እኔም እንዲሁ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አልፏል። ባየ በሄደ በመጣ ቁጥር «መልስ የለም ወይ?» ይለኛል፤ አፍሬዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ማስታወቂያው ሲመጣ ስልኩን አይዝጉት። ጥቂት ሰኮንድ ይቆጥራል፤ ከዚያ ከታች በቀኝ በኩል «ስኪፕ» የሚል ትንሽ ሳጥን ይወጣል። እሷን በጣትዎ ይንኳት። ልጅቷ ትሄዳለች፤ ሀብቴ ይመለሳል። ጨርሶ እንዳይመጣ ማድረግም ይቻላል፤ ግን ስልኩ ከእጄ መግባት አለበት፤ እሱን ደግሞ ከእርስዎ ልነጥል አልፈልግም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከማስታወቂያው ወዲያ ያለውን ሰምተውት ያውቃሉ? አንድ ቀንም ቢሆን? እባክዎ ሌላው ቢቀር ይህን ይጻፉልኝ።

ስኳርና ሻማ በባየ እጅ ልኬያለሁ።

ልጅዎ ስርጉት

*

ቢቸና፤ ሰኔ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለስርጉት።

ስኳሩ ደረሰኝ፤ ከመንግሥተ ሰማያት ጣፋጩን ይስጥሽ። ሰላምታዬ ለእናትሽም ይድረስ። ክረምቱ ከብዷል፤ አጥሩ እርጥብ ስለሆነ ከታች አጎዛ አነጥፋለሁ።

ሳጥኗን ሞከርኳት። ጣቴ ወፍራም ነው መሰል፣ ስነካት ቁማሩ ጭራሽ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ። በሰባ አንድ ዓመቴ ቁማር ቤት ልመዘገብ ነበር። ደብሩ ቢሰማ ምን ይላል? ከዚያ ወዲያ አልነካኋትም።

ከማስታወቂያው ወዲያ ምን አለ ብለሽ ነው የምትጠይቂኝ? ቅኔው አልቋል። ቤታችን ኖረሽ የጉባኤውን ሥርዓት አላወቅሽም? ተማሪው ቅኔውን ካቀረበ በኋላ ዝም ይላል፤ ተራው የመምህሩ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚናገር ተማሪ አላስተማርኩም።

ይህን ቪዲዮ በሕይወት ሳለም አይቼዋለሁ፤ ታውቂ እንደሆነ አላውቅም። ባለፈው ኅዳር አካለ ወልድ በራሱ ስልክ አምጥቶ «የኔታ፣ ሀብተ ሥላሴ ነው» አለኝ። ሰማሁት። ልቤ ተነካ፤ አልዋሽሽም። «ይህንስ አርሜ ልላክለት» ብዬ ሳስብ ልጅቷ ከነኳሷ መጣች። ቅኔን ለቁማር ማሻሻጫ አደረገው ብዬ ፊቴን አዙሬ ወጣሁ። ለአካለ ወልድም አንድ ቃል አልተነፈስኩለት።

ከዚያ በፊትም ቅሬታ ነበረኝ። ወንበሬን አልወርስም፣ መኪና እነዳለሁ ብሎ አዳማ ሄደ፤ ይሁን። ከሦስት ዓመት በፊት እናቱ ፈንታነሽ ስታርፍ መጣ፤ ቀበራት። ለቅሶው ቤት ግን አልገባም። አገር ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ልጅዋ ከግቢው ውጭ ከግራሩ ሥር ቆሞ ዋለ፤ ማታ በዚያው ሄደ። ሰዎች «ልጅዎ ምነው?» እያሉ ጠየቁኝ። እኔን ይናቀኝ፣ እናቱ ግን ምን አደረገችው? ይህ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ሆኖም ሞቷል፤ ለሙት ቂም አይያዝም። ድምፁን ብቻ ነው የምፈልገው፤ ቁማሩን አንሺልኝ።

ሣህለ ማርያም

*

ሞጣ፤ ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. (ያልተላከ)

የኔታ፣

ይህን ደብዳቤ ስጽፈው አራተኛዬ ነው። ሦስቱን ቀድጃቸዋለሁ።

ከማስታወቂያው ወዲያ ሀብቴ ይናገራል። አምስት ደቂቃ ተኩል። የሚናገረው ለእርስዎ ብቻ ነው።

እኔ ከእርስዎ ቤት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ሀብቴ ወንበርዎን አልወርስም ያለ ቀን። ጓዳ ውስጥ ሽሮ እነፋ ነበር። «ይህን ደፍ ብትሻገር በእግዚአብሔር ስም ገዝቼሃለሁ» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እርስዎ ይህን ብለው ወደ ጉባኤው ወጡ፤ ትምህርቱም ቀጠለ። በደብዳቤዎ ሁሉ ስለ ግዝቱ አንድ ቃል የለም። ረስተውታል ማለት ነው። ሀብቴ ግን አልረሳውም። በእትዬ ፈንታነሽ ለቅሶ ከግራሩ ሥር የቆመው ለዚያ ነው፤ ደፉን ላለመሻገር። እኔ እንጀራ ይዤለት ወጥቼ «ግባ» ብለው «አባቴ ካልፈታኝ እንዴት እገባለሁ?» አለኝ።

ይህን እንዴት ብዬ በወረቀት ልጻፍልዎ? መርዶ ነው። መርዶ ብቻዋን የምታረዳ ሴት አይቼ አላውቅም። ሽማግሌ ሰብስቤ እንዳልመጣ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አምስት ቀን ይዘጋል። ደግሞ ለሽማግሌዎቹስ ምን እላቸዋለሁ? ሞቱን ሰምተዋል፤ አሁን ደግሞ እንዴት እንደሞተ ይስሙ ልበል?

ሌላም አለ። እሱን ለራሴም መጻፍ አልቻልኩም።

*

ሞጣ፤ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየኔታ ሣህለ ማርያም።

እንኳን ፍልሰታን በሰላም አስፈጸመዎ። በጸሎትዎ እኛም ደህና ነን። ስለዘገየሁ በእግርዎ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ መንገዱን ያውቁታል።

ለማስታወቂያው መላ አግኝቻለሁ። ቪዲዮውን አውርጄ በሚሞሪ ካርድ ላይ ጭኜዋለሁ። ካርዱ ጥፍር አያክልም፤ እንዳይጠፋብዎ ከሻማው ሳጥን ውስጥ በፕላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ከስልኩ ጎን በመርፌ የምትከፈት ቀዳዳ አለች፤ ስልክ የሚያውቅ ሰው ያስገባልዎ። ኔትወርክ አይፈልግም፤ ፓኬጅ አይበላም፤ ቁማርም አይመጣበትም። ቅኔው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለ።

ለዓይንዎ መነጽር እማዬ መርጣ ልካለች።

ልጅዎ ስርጉት

*

ቢቸና፤ መስከረም 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለስርጉት።

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን አሸጋገረሽ። እናትሽን ስለ መነጽሩ አመስግኚልኝ፤ የዳዊቴ ፊደል ሁሉ ወፍሮ ታየኝ።

መነጽሩ ግን ሌላም ነገር አሳየኝ። ከቪዲዮው ሥር ቁጥር ይጻፋል። በአጥሩ ላይ በኔትወርክ ስከፍተው አሥራ አራት ከአርባ ይላል። ያንቺ ካርድ ዘጠኝ ከአሥር ይላል። ሕፃናትን ቁጥር ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሁለት ጊዜ ቀንሼዋለሁ። አምስት ደቂቃ ተኩል የት ሄደ? ቁማር ነው እንዳልል፣ ቁማሩ ግማሽ ደቂቃም አይሞላም።

ከዚያ የሰኔውን ደብዳቤሽን አውጥቼ አነበብኩት። «ከማስታወቂያው ወዲያ ያለውን ሰምተውት ያውቃሉ?» ብለሽኛል። ያን ጊዜ የልጅ ጥያቄ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነስቶኛል።

ልጄ፣ ቅኔው ካለቀ በኋላ ምን አለ? አንቺ የቆረጥሽውን አንቺው ላኪልኝ። ማስታወቂያውን እንኳ ተዪው፤ ይምጣ።

ሣህለ ማርያም

*

ቢቸና፤ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለስርጉት።

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሁለት ወር ሙሉ መልስ አልሰጠሽኝም። ባየን ጠየቅኩት፤ «ደህና ናት፤ ግን ሲያዩኝ ወደ ሱቋ ውስጥ ትገባለች» አለኝ። ከእንግዲህ አትደበቂ። ሰምቼዋለሁ።

ጤና ጣቢያው ላይ መክሊት የምትባል ነርስ አለች፤ ከሆሳዕና ተመድባ የመጣች። ጴንጤ ናት፤ እሷም አልደበቀችኝ፣ እኔም አልተከራከርኳት። የደም ግፊቴን ስትለካ «ምን ያስጨነቀዎት ነገር አለ? ከፍ ብሏል» አለችኝ። ስልኩን አውጥቼ ሰጠኋት። ሳቀችና «ለዚህ ነው እንዴ፣ የኔታ?» አለች። ማስታወቂያ የሚዘጋ አንድ ብሮውዘር አወረደች፤ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በኩል ይክፈቱት፤ ቁማር ደጅዎ አይደርስም» አለችኝ። ሻይ አፍልቶ ከመጠጣት ያነሰ ጊዜ ወሰደባት። እኔ ስድስት ወር የለመንኩትን።

ማታውን አጥሩ ላይ ተቀመጥኩ። አዜመ። ሦስተኛውን ቤት ጣለው። ጨረሰ። እኔ እንደ ልማዴ ፊቴን ማዞር ጀምሬ ነበር። ልጅቷ አልመጣችም። እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ይናገር ጀመር።

ብዙ ተናገረ፤ ይህን ግን ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «የኔታ፣ ስልኬን አያነሡልኝም፤ የላክኋቸውን ሽማግሌዎችም ከበር መልሰዋቸዋል፤ ስለዚህ በዚህ መጣሁ። በሦስተኛው ቤት ድምፄን የጣልኩት አውቄ ነው። ስሕተት ሰምተው ዝም ብለው እንደማያልፉ ስለማውቅ፣ ‹ና ታረም› ይሉኛል ብዬ ነው። በእናቴ ለቅሶ ከደጅ የቀረሁት ንቄ አይደለም። ደፉን እንዳልሻገር ገዝተውኛል፤ የአባት ግዝት አልጥስም። አሁን ኩላሊቴን ታምሜያለሁ። መሞትን አልፈራም፤ ተገዝቼ መሞትን እፈራለሁ። ‹ይፍታህ› ብለው በሰው ይላኩብኝ። በነጋታው እመጣለሁ።» ከዚያ እጁ ስልኩን ሊያጠፋ ሲመጣ ይታያል። ከማጥፋቱ በፊት «አባባ» አለኝ። ጉባኤ ከገባ ጀምሮ የኔታ እንጂ አባባ እንዲለኝ ፈቅጄለት አላውቅም።

ስርጉት፣ ረስቼው ነበር። በክርስቶስ ፊት የምናገረው ነው። ተቆጥቼ ተናገርኩ፤ ወደ ማስተማሬ ተመለስኩ፤ ረሳሁት። የመጡትንም ሽማግሌዎች ስለ ወንበሩ ሊለምኑኝ መስሎኝ አፋቸውን ሳይከፍቱ መለስኳቸው። እኔ የጣልኩትን ሸክም ልጄ አምስት ዓመት ተሸክሞት ኖረ። ናቀኝ ስል አክብሮኝ ነው የሞተው።

ካህን ነኝ፤ የገዘተ ይፈታል። ከአጥሩ ተነሥቼ በግቢው መካከል ቆምኩና «ልጄ ሀብተ ሥላሴ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ፤ እኔም ፈትቼሃለሁ፤ ግባ» አልኩ። ቪዲዮውን እንደገና ከፈትኩና እያዜመ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ደፉን እንደተሻገርኩ ድምፁ ቆመ። ኔትወርኩ ነው፤ አውቃለሁ። ያ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረ። ወደኋላ ስወጣ ይናገራል፤ ስገባ ዝም ይላል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ስልኩን ወደ ውጭ አድርጌ።

ሙሉውን በካርድ ላኪልኝ። ያለ ኔትወርክ የሚሠራውን። ቤት ላስገባው።

አንቺ ሰምተሽው ነበር አይደል?

ሣህለ ማርያም

*

ሞጣ፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለየኔታ ሣህለ ማርያም፤ ቢቸና።

የኔታ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎ። አሁንም ለቅሶ ላይ እንደሆኑ አውቃለሁ።

ሰምቼው ነበር። ከሁሉ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። ሀብቴ በቴሌግራም የላከልኝ ቪዲዮ ነው፤ ቆርጬ፣ አስተካክዬ በዩቲዩብ የጫንኩለት እኔ ነኝ። ስሕተቱን እንኳ አስተውዬ «ላርመው?» ብዬው «ተዪው፤ እሱን እንዳትነኪው» አለኝ።

ከዚህ በታች ያለውን ደግሞ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። ማስታወቂያውን እዚያ ቦታ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዩቲዩቡ ለረጅም ቪዲዮ መሀል ላይ ቦታ ምረጪ ይላል። ቅኔውን ከመሀል እንዳይቆርጠው፣ ንግግሩንም እንዳይቆርጠው ብዬ በሁለቱ መካከል አደረግኩት። ጨዋ ቦታ መስሎኝ ነበር። የሚገኘው ሳንቲም ለመድኃኒቱ ይደግፈዋል ብዬም ነበር። እርስዎ ማስታወቂያ ሲያዩ ስልክ እንደሚዘጉ ከየት ላውቅ?

ባለፈው ዓመት ኅዳር አካለ ወልድ ደወለልኝ። «የኔታ ቪዲዮውን አዩት» አለኝ። ምን አሉ? አልኩት። «ምንም። ፊታቸውን አዙረው ወጡ።» እኔም ለሀብቴ እንዳለ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው አዩት ወይ ብዬ ብጠይቅ ኖሮ! አልጠየቅኩም። «አባትህ አይተውታል» አልኩት። «ምን አሉ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። «እንግዲያስ አልፈታም ማለታቸው ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ደውሎልኝ ስለ እርስዎ አንስቶ አያውቅም። ስለ መኪናው፣ ስለ አዳማ ሙቀት ብቻ ነበር የሚያወራው። በጥር አረፈ።

በሰኔ የጻፉልኝን ሳነብ ነው የገባኝ። እርስዎ ቃሉን አልሰሙትም ነበር። እሱ ደግሞ ሰምተው ዝም ያሉት መስሎት ሄደ። መሀል ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ደብዳቤ የማዘገየው፤ ለዚህ ነው ባየን ስመለከት የምደበቀው፤ ለዚህ ነው በካርዱ ላይ ንግግሩን የቆረጥኩት። ቅኔውን ብቻ እየሰሙ ቢኖሩ ምን ይጎዳል ብዬ ነበር። ማስታወቂያው እንዲቀር ሲለምኑኝ፣ እኔ እንዲቆይልኝ ነበር የምጸልየው።

ሙሉው በዚህ ካርድ ላይ አለ። አንዲት ሰኮንድ አልነካሁበትም። ለሙት ዓመቱ ራሴ እመጣለሁ፤ በእግርዎ ሥር ልወድቅ።

ስርጉት

*

ቢቸና፤ ጥር 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስርጉት።

ለሙት ዓመቱ ስላልመጣሽ አታዝኚ። ባየም ከደብረ ወርቅ ተመልሷል፤ መንገዱ ለማንም አልተከፈተም። እናትሽን ደህና ነሽ ወይ በይልኝ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ለሦስት ቀን ተቆጣሁሽ። በአራተኛው ቀን በቁጣዬ ላይ ተቆጣሁ። ይህን ሁሉ ያመጣው አንድ ቀን ተቆጥቶ የተናገረ ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አንቺ አይደለሽም። አንቺ ቦታ መረጥሽ፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ። የመጣው ቁማር ቢሆንም፣ አንድ ደቂቃ ብታገሠው ልጄን እሰማው ነበር። ለአንድ ደቂቃ ነውር ብዬ። አንቺንም እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ እኔም ፈትቼሻለሁ። ይህን ወረቀት አስቀምጪው፤ እንደኔ ያለ ሰው ይረሳል።

በሙት ዓመቱ ከቅዳሴ በኋላ የእሱን ቅኔ እኔ አዜምኩት። ተማሪዎቼ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ሦስተኛው ቤት ላይ ስደርስ አርሜ ላነሣው ነበር ያሰብኩት። አላነሣሁትም። እንደሱ ጣልኩት። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዱ «የኔታ፣ ያ ቦታ…» ብሎ ጀመረ። «ልክ ነው» አልኩት። ይህን ቃል ከእኔ ሰምተው አያውቁም።

ካርዱን መክሊት አስገብታልኛለች። አሁን አጥሩ ላይ አልቀመጥም። ማታ ማታ ከቤት ውስጥ፣ እናቱ ትቀመጥበት ከነበረው መደብ ላይ ሆኜ እከፍተዋለሁ። ግድግዳው ቢወፍርም ድምፁ አይቆምም።

አንድ ነገር ብቻ አልለቀቀኝም። ቅኔው ሲያልቅ፣ ልጅቷ ትመጣበት የነበረው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ቁማር እንደሌለ እያወቅሁ ቀኝ እጄ ራሱ ተነሥቶ ወደ ቁልፉ ይሄዳል። በግራ እጄ እይዘዋለሁ። «አባባ» እስኪለኝ ድረስ አልለቀውም።

ሣህለ ማርያም